ናፍጣ የማይጠጣው ቸርኬ

ጥፋቱን በሚስባህ ላይ የምታላክኩ ሁሉ፣ እስቲ ዝም በሉና እኔን ስሙ።

ባሌ ሚስባህ መርሳ ላይ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። እጁ አያርፍም፤ ሰው ከጣለው ብረት የሚሽከረከር ነገር ይሠራል። አንዱ የብስክሌት ቸርኬ ነው፤ ውስጡ የብረት ኳሶች ደርድሮበታል። ኳሶቹ ሲወርዱ ይዞራል፣ ሲዞር ይወርዳሉ፤ ማንም ሳይነካው ቀኑን ሙሉ። አላፊ አግዳሚው ሱቃችን በር ላይ ቆሞ "ሱብሃነላህ!" ይላል። ከሥሩ ባለው ሣጥን ውስጥ ከአሮጌ ቴፕ የወጣች ሞተርና ባትሪ አለች። ይህን የምናውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን።

አባቴ አብዱልሐሊም ወንዝ ዳር ሽንኩርት ተክለው ነበር። ያን ዓመት ናፍጣ ጠፋና ፓምፑ ሁሉ ቆመ፤ ገበሬው ጀሪካን ይዞ ወልድያ ማደያ ሲሰለፍ ሰነበተ። አባቴ ከሰልፍ ሲመለሱ ሱቅ ገቡና ከዙህር እስከ አስር ሰላት ቸርኬውን ሲያዩ ቆዩ።

"ቡርቱካን፣ ይሄ ናፍጣ አይጠጣም?"

ሚስባህ ለሥራ ሲሪንቃ ሄዷል። እኔ ደግሞ፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ ዘመድ ሁሉ "ሥራ ፈት አገባች" ሲለኝ ስለኖረ አንድ ቀን ልኮራበት አማረኝ።

"ምንም አይጠጣም አባ፤ እንዲሁ ነው የሚዞር።"

"እንግዲያ ለእኔም ትልቁን ይሥራልኝ በይው።"

ቀልድ መስሎኝ ስቄ እሺ አልኋቸው።

ለካ ሄደው ወረፋቸውን ለጎረቤት ለቀዋል! "አማቼ እየሠራልኝ ነው" እያሉ ሁለት ሳምንት ቤታቸው ተቀመጡ። ከዚያ ትልቁን ሊጭኑ አህያ እየነዱ መጡ።

ሚስባህ ክው አለ። ሣጥኑን ፈትቶ ባትሪዋን በእጃቸው አስያዛቸው። ሽቦው ሲነቀል ቸርኬው ቆመ።

አባቴ ፈገግ አሉ። "ጎሽ፣ ለባዳ እንዲህ እያልህ ደብቅ። እኔ ግን የሚስትህ አባት ነኝ።"

"ወላሂ ሌላ ሚስጥር የለውም!" ቢላቸው አልሰሙትም። አህያቸውን ባዶዋን ነድተው ተመለሱ።

አንድ ጀሪካን ናፍጣ ለምነን ስንደርስ ሽንኩርቱ ደርቆ ፍየል ለቀውበታል። የዓመት ጉሮሯቸው ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"አባ፣ ዋሽቼዎት ነው! ባትሪ ነው የሚያዞረው፤ በአላህ..."

አፌን በመዳፋቸው ያዙት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"የባልሽን ሚስጥር ጠብቂ፣ ይሁን። በውሸት ግን አትማይ ልጄ፤ ለአኺራሽ እፈራልሻለሁ።"