ለመለያ ምት ብቻ የሚገባው በረኛ

ሊባን በረኝነትን የተማረው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነው፤ በበጋ ውሃው ሲደርቅ አሸዋው የልጆች ሜዳ ይሆናል። እዚያ ኳስ ይዘህ በትከሻህ ብትወድቅ ምንም አትሆንም።

«ታይዋን» የሚባለው የከተማው ገበያ ነጋዴዎች አዲስ ቡድን ሲያቋቁሙ አሰልጣኙ ነጅሙዲን፣ «አንተን የምፈልግህ ለመለያ ምት ብቻ ነው» አለው። ጨዋታው በእኩል ሊያልቅ ሲል ቀይሮ ያስገባዋል። ሜዳው ግን እንደ አስፋልት የጠጠረ ነው። ሊባን እንደለመደው በትከሻው ይወድቃል፣ ኳሷን ያድናል፤ የወለቀውን ትከሻ ወጌሻው እዚያው ይመልስለታል። «ሐኪም ይየኝ» ባለ ቁጥር የነጅሙዲን መልስ አንድ ነው፦ «ወላሂ፣ ይቺን ጨዋታ ብቻ!»

የዋንጫው ቀንም የመጨረሻዋን ምት አዳነ። ቡድኑ ዋንጫውን ይዞ በባጃጅ እየጨፈረ ከተማውን ሲዞር እሱ መሬት ላይ ተጋድሞ ወጌሻውን ይጠብቃል። ወጌሻው ደግሞ ከጨፋሪዎቹ ጋር ሄዷል!

ዛሬ ሊባን ለሶላት ቆሞ «አላሁ አክበር» ሲል ወደ ጆሮው የሚነሳው አንድ እጁ ብቻ ነው። አንድ ጁምዓ ነጅሙዲን አጠገቡ ቆሞ ይህንን አየ።

ከዚያ ወዲህ ነጅሙዲን የሚሰግደው ሌላ መስጊድ ነው።