በታምሩ ላይ የተናገርኩት

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይቺን ብቻ ዘልያት ነው የኖርኩት። ለእናንተ ግን እናገራለሁ፤ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ጡረታ እስክወጣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጤና መድህን ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠርተውኝ፣ «ሁለት ጎረቤታም ክልሎች አሉ። አንዱ ጋ ሕዝቡ ለመድህኑ ተሰልፎ ይመዘገባል፤ ሌላው ጋ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ምክንያቱን አይተህ ና» አሉኝ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። የመጀመሪያው ክልል ባለሥልጣናት መድህኑን የራሳቸው ጉዳይ አድርገውታል፤ ለድሃው ከበጀታቸው ይከፍሉለታል፣ እድሮቹን ይዘው ይቀሰቅሳሉ፣ ከሁሉም በላይ ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት አለ። ሁለተኛው ጋ መደርደሪያው ባዶ ነው። ሰው ከፍሎ ይመዘገባል፣ ሲታመም «ከውጭ ግዛ» ይባላል። በዓመቱ ማን ተመልሶ ይመዘገባል? እኔስ ብሆን እመለስ ነበር?

እዚያ ሁለተኛው ክልል በሄድኩበት ወረዳ የመድህኑን ሥራ የሚመራው ታምሩ የሚባል ሰው ነበር። ቤቱ ወስዶ ምሳ ጋበዘኝ። «ጋሼ፣ መድኃኒት ሳይመጣ ሰው መዝግብ አይበሉኝ። እኔ የምኖረው እዚሁ ነው፤ ገበያ ስወጣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለኝ። ልክ ነበር። «አይዞህ፣ እኔ እከራከርልሃለሁ» ብዬ ቃል ገባሁለት።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ለዚያ ክልል መድኃኒቱ በጊዜው እንዲደርስ መከታተል የነበረበት ሌላ ማንም ሳይሆን እኔው ነበርኩ። ቸል ብዬው ኖሬአለሁ። ያየሁትን በማቀርብበት የቢሮው ስብሰባ ላይ እውነቱን ብናገር፣ ቀጥሎ የሚመጣው «መድኃኒቱስ ለምን አልደረሰም?» የሚል ጥያቄ ነው። እኛ ቢሮ ደግሞ ለሁሉም የምትሆን አንዲት ምክንያት አለች፤ የግንዛቤ እጥረት። ክትባት ቢቀር እሷ ናት፣ ሽንት ቤት ሳይቆፈር ቢቀርም እሷው ናት። ማንም ማብራሪያ አይጠይቅባትም። ተነስቼ፣ «ሕዝቡ የግንዛቤ እጥረት አለበት» አልኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ «የወረዳው ኃላፊም ሥራውን አላመነበትም» ብዬ ጨመርኩ። አሳምሬ ነው የተናገርኩት፤ ንግግር ድሮም አያቅተኝም። ተጨበጨበልኝ። ታምሩ ከሥራው ተነሳ፤ ሕዝቡን ወደ ኋላ ያስቀረ ሰው ተባለ።

ፈርቼ ነው ልበል? አልፈራሁም። ቢበዛ አንድ ወቀሳ ነበር የሚደርስብኝ። የራሴ ስም እንዳይነካ ብዬ የሰው ስም አጠፋሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ማንም አላዘዘኝም። ታምሩ ያንን ስም ያተረፈው ለእውነት ቆሞ ነበር፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

በቅርቡ ልደታ ማርያም አስቀድሼ ስወጣ አንድ ሰው ከኋላዬ ጠራኝ። ታምሩ ነው። አገሩ ላይ አንገት ደፍቶ መኖር ስላልሆነለት አዲስ አበባ መጥቶ አብነት ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። አገላብጦ ሳመኝና ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ያኔ የተከራከሩልኝ ጋሼ እኚህ ናቸው» አላት። ምሳው ላይ የገባሁለትን ቃል የጠበቅሁ መስሎት ኖሯል። እሷም እጄን ይዛ፣ «እድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ልጆችዎን ይባርክልዎ» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? አሜን አልኩ።

ከስብሰባው ንግግሬ ይልቅ በዚህ አፍራለሁ። ያኔ ስናገር ታምሩ ሩቅ ነበር፤ አሁን ግን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የዋሸሁት።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዘመኑ ነው፣ ቢሮው ነው ብዬም አላመካኝም። እሁድ አብነት እሄዳለሁ። ገና ሲያየኝ ወንበር ፍለጋ እንደሚሯሯጥ አውቃለሁ። ሚስቱ ባለችበት፣ ሳልቀመጥ እነግረዋለሁ። የመረቀችኝንም መልሳ ትውሰደው።