ቶጎና ድረስ የተሰማው ጊታር

ሮቤ ገበያ፣ ልጄ ለጊታሩ መለማመጃ የምትሆን የድምፅ ማጉያ ሲመርጥ የጋለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሀጂ አማን ሱቅ ሽታ ነው።

በደርግ ጊዜ ሀጂ አማን ጎባ ከተማ ላይ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ማጉያዎች ሠርተዋል፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ወንድሜ ጀማል ደግሞ የቀበሌያችን ኪነት ጊታር ተጫዋች ነበር።

"ትንሹን ያዝ፣ ኢልመኮ፣ ልጄ" አሉት ሀጂ፣ ማጉያ ሊወስድ አብረን ስንሄድ። "ዘንድሮ ልጅ ለጦርነት እየታፈሰ ነው። ቤታችሁ ጎረምሳ እንዳለ ለመንገደኛ አታሰማ።"

እኔ ግን "ትልቁን! ውሃ ስቀዳ ቶጎና ወንዝ ድረስ እንድሰማህ" አልኩት። ሳቀና ትልቁን ተሸከመ።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ሆኜ ሰማሁት። ደስ እንዳለኝ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ሮጬ ቤት ስደርስ ጊታሩ መሬት ላይ ወድቋል፤ ጀማል የለም። ማጉያው ግን እንደበራ እዝዝ ይላል። ባትሪው ራሱ ደክሞ ዝም እስኪል ድረስ እናቴ ማንም እንዲያጠፋው አልፈቀደችም።

ልጄ ገበያው ውስጥ ካሉት ትልቁን ማጉያ ከፍቶ የጊታሩን ክር መታ።

"ቀንሰው" አልኩት።

"ኧረ እማዬ፣ ማን ይሰማናል?" አለኝ።