ጨው የተከለከለ ሰው ሳህን

በሆስፒታሉ ወጥ ቤት የሚያውቋት ሁሉ «እትዬ ጨው የለሽ» ይሏታል። ስድቡ የፍቅር ነው፤ ልብና ኩላሊት ለሚያማቸው ጨው የሌለው ምግብ ስታበስል ዓመታት አልፈዋል። ትልልቅ ድስቶች ፊት ቆማ ውላ ቤቷ ስትገባ እግሯ የራሷ አይመስላትም።

ዘንድሮ ደግሞ ሥራው እቤቷ ድረስ ተከትሏት መጣ። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ ልቡን ታመመና ጨው ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ አለ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በገመድ ታስሯል። ሐኪሙ፣ እንዲህ ከቀጠለ ከልቡ በፊት ረሃቡ ይጥለዋል ብሏታል።

አንድ ቀን ከገበያ አንድ እስር ናና ይዛ ገባች። ሥራ ቦታ እንደለመደችው ምስሩንም፣ ካሮቱንም፣ የናናውን ግማሽም ባንድ ድስት ከታ ቀቀለችው። ቀመሰችው፤ ጥሩ ነው። የእሷ ምላስ እንደሆነ ጨውን ከረሳ ቆይቷል። ባሏ አንዱን ማንኪያ አፉ ውስጥ ይዞ ዘገየ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን ሣር ለላም ብትሰጪው ወተት ታገኚበት ነበር» አላት ሳህኑን እየገፋ።

ሳህኑን አነሣች። መናገርም ጉልበት ይጠይቃል።

በማግስቱ ለሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ አጫወተቻት። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ናናው መቼ እንደገባ ጠየቀቻት። «ከመጀመሪያው ነዋ» አለች። ናና ብዙ እሳት አይችልም፣ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው የሚበተነው አለቻት ባለሙያዋ። ብረትም ቫይታሚንም አለው ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ ባሏን ያበረታው እንደሆነ ጠየቀች።

«አለው፤ ግን በቁንጥር ቅጠል ሰው አይበረታም፣ እትዬ። የናና ሥራ የምግብ ፍላጎት መክፈት ነው። ሆድ የሚሞላው ሌላው ነው።»

አመሻሽ ላይ ድንች ቀቀለች። አውርዳ ሎሚ ጨመቀችበት፣ ዘይት ጠብ አደረገችበትና ጥሬውን ናና በእጇ ቆራርጣ በተነችው። ከተረፈው ላይ ደግሞ ከኪያር ጋር ከትፋ እርጎ ውስጥ ጨመረች።

ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እንደ ወትሮው ብላልኝ ብላ ለመለመን እንኳ አቅም አልነበራትም። ጫማዋን ልታወልቅ እንዳጎነበሰች የማንኪያ ድምፅ ሰማች። ቀና አላለችም፤ ካየችው የሚተው መሰላት።

«ይቺስ ደህና ናት» አለ። ሌላ ማንኪያ ጎርሶም፣ «ጨው ግን ይጎድላታል።»

ከዚያ ባዶውን ሳህን ዘረጋላት።

«ጨምሪልኝ።»

አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶውን፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች።