ቀፎ ላይ የቀረው ፊልም

ከጎሬ የተነሳሁት ካፊያው ሳያባራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኛል። በመጨረሻው የደም ምርመራ የካንሰር ጠቋሚው ስለጨመረ፣ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለማየት መቱ ወርጄ ሲቲ ስካን እንድነሳ ታዘዝኩ። በጋዜጠኝነቴ የብዙ ሰው መርዶ ዘግቤአለሁ። ያን ቀን ግን በሚኒባሱ መስኮት ቡናውንና ደኑን እያየሁ ሄጄ፣ ስወርድ አንድም ዛፍ አላስታውስም ነበር።

መቱ

ማሽኑ ትልቅ ቀለበት ነው፤ በጀርባ አስተኝተው ወደ ውስጡ ያስገባሉ። በክንዴ የተወጋው መድኃኒት ሙቅ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል እስከ ታች ወረደ። የሸናሁ መስሎኝ አፈርኩ።

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል» ብሎ ሳቀ ባለሙያው።

ምስሉን ያነበበችው ሐኪም አልሳቀችም። «ጉበትዎ ላይ ትንሽ ጥላ አለ» አለች።

«ተመልሷል ማለት ነው?»

«አዲስ ከሆነ ያሰጋል። ድሮም ከነበረና ካላደገ ግን ውሃ የቋጠረ ተራ እባጭ ሊሆን ይችላል። የቀድሞውን ፊልም ያምጡልኝና ላስተያየው።»

የቀድሞውን ፊልም ካገገምኩበት ከእህቴ ቤት፣ ሁሩሙ ትቼዋለሁ።

ሁሩሙ

የገበያ ቀን ስለነበረ ሚኒባሱ በማር ቆርቆሮና በዶሮ ታጭቋል። እትዬ አስካለ፣ ከወሎ በሰፈራ ከመጣን ወዲህ ያሳደጉኝ ታላቅ እህቴ፣ ፊልሙን ስጠይቃቸው ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«የለም። ለኦቦ ገመቹ ሰጠሁት።»

«እትዬ! የእኔን ሆድ ዕቃ ለጎረቤት?»

«ታዲያ በሽታህን ቤት ውስጥ አስቀምጬ ልተኛ? ወጥቶ ይቅር ብዬ ነው!»

ንብ አናቢው ኦቦ ገመቹ ፊልሙን ዝናብ እንዲከላከል ቀፎ ላይ አስረውታል። ቀፎው ከጓሯቸው ዋንዛ ላይ ነው። ጢሳቸውን ይዘው ሲወጡ ከሥር ቆሜ ግንዱን ጨብጬ ያዝኩ።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ፤ ንቦቹ ያውቁኛል» አሉ ከላይ።

የፈራሁት ንብ እንዳልሆነ እትዬ ያውቃሉ። ክንዴን ይዘው አልለቀቁም።

የያኔው ምርመራ ሁለት ፊልም ነበረው፤ ሁለቱም ወረዱ። የላዩ በፀሐይና በዝናብ ተበላሽቷል። የሥሩን፣ ዳር ዳሩ ሰም የነካውን፣ ወደ ሰማይ ባነሳው የጎድን አጥንቶቼ ታዩ።

«ንቦቼን ያስጠለላቸው ያንተ ሆድ ነው ለካ! ከማሩ ድርሻ አለህ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ጉበቴ ያለው በተበላሸው ይሁን በተረፈው ፊልም ስለማላውቅ መሳቅ አቃተኝ።

መቱ፣ በማግስቱ

ሐኪሟ ሰሙን በጥፍሯ ፋቀችና የድሮውን ከአዲሱ ጎን መብራት ላይ ሰካችው። ለካች። ደግማ ለካች። እትዬ ከኋላዬ «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ይላሉ።

«ጉበትዎ እዚህ አለ» አለች በመጨረሻ። «ጥላው ያኔም ነበረ፤ አላደገም።»

እትዬ እልል ሊሉ ሲሉ እጇን አነሳች። «በደምዎ ያለው ጠቋሚ ግን ለምን እንደጨመረ አላወቅንም። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እናነሳለን። የድሮውንም የአሁኑንም ፊልም ይዘው ይምጡ፤ ለማንም እንዳይሰጡ።»

እትዬ አቀረቀሩ።

ጎሬ

ዳገቱን ስንወጣ ፊልሞቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። የዛሬ ምስል የሚነበበው ከትናንቱ ጋር እንደሆነ በዚህ ጉዞ ተምሬአለሁ፤ የተነሳችሁትን ፊልም አትጣሉ እላለሁ። ፍርሃቱን ግን መቱ ትቼው አልመጣሁም።

ባለቤቴ የት እናስቀምጣቸው አለች። እንዳይታጠፉ ከፍራሹ ሥር ዘረጋኋቸው። እትዬ እምቢ ያሉትን እኔ እተኛበታለሁ፤ በተገላበጥኩ ቁጥር ከሥሬ ይንኮሻኮሻል።