አሶሳን የለመድኩት በኮርሴት ነው

ወደ አሶሳ ልሄድ ስል በዋዜማው ማታ እናቴ ያሉኝን ቀሚሶች በሙሉ አልጋ ላይ ዘርግታ ጫፋቸውን በምላጭ ትፈታ ነበር። ሁሉም በግራ በኩል አጠር ተደርገው የተሰፉ ናቸው። ቀኝ ትከሻዬ ከፍ፣ ግራው ዝቅ ማለት ከጀመረ ወዲህ ማንኛውም ቀሚስ ስለብሰው በአንድ በኩል መሬት ይጠርግ ነበርና፣ እናቴ ሰው እንዳያየኝ ብላ ያንን ጎን እያጠፈች ትሰፋልኝ ነበር። አሁን ደግሞ ገና መኪና ሳልሳፈር ስፌቱን ትፈታለች!

«ተቃንታ ስትመጣ በዚያኛው በኩል እንዳይዘቀዝቅ ነው» አለች።

«ባትቃናስ?» አለ አባቴ።

«ባትቃና መልሼ እሰፋዋለሁ። መርፌው የኔ፣ ክሩም የኔ።»

 እኔ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ያዘኝ። ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ለወንበራ ዘመዶቼ ነው። «ልጅቱ አሶሳ ሄዳ ብረት ለበሰች» የሚል ወሬ መጥቶላችኋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ብረት አይደለም፣ ኮርሴት የሚሉት ጀርባ መያዣ ፕላስቲክ ነው። እንደኔ ከቤቱ ወጥቶ ይሄን ነገር ለብሶ የሚኖር ልጅ ካለም ያንብበው፤ እኔን የላጠኝ እሱን እንዳይልጠው።

ነገሩ የተጀመረው አክስቴ አበበች ለሠርግ ከአሶሳ መጥታ በነበረ ጊዜ ነው። ውኃ ይዤ ስሄድ ከኋላ አይታኝ «ይቺን ልጅ ምን አጎበጣት?» አለች። አንዱ እንስራ ነው አለ፣ አንዱ ተጣሞ መተኛት ነው አለ። አክስቴ ግን «አሶሳ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ» ብላ ይዛኝ ለመሄድ ቆረጠች። በማግሥቱ መኪና እየቀያየርን፣ ከደጋው እየወረድን፣ በየኬላው እየወረድንና እየተፈተሽን ዓባይን ተሻገርን። በቀየርነው መኪና ቁጥር አንድ ልብስ አወልቅ ነበር። ከወንበራችን ደብረ ዘይት ጋቢ ደርቤ የተነሳሁ ሰው አሶሳ ስደርስ በስስ ቀሚስ እንኳ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር።

አክስቴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ የምንኖረው ግን እማማ ሐዋ ግቢ ተከራይተን ነው። እማማ ሐዋ የአሶሳ ተወላጅ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ ናቸው። አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ እኔንም አክስቴንም «አንተ» ነው የሚሉን። መጀመሪያ ቀን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሰጡኝ። የኛ ገንፎ መሃሉ ላይ ቅቤ ተኝቶበት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ይሄ ደግሞ ወጡ እየተሙለጨለጨ ከጣቴ ያመልጣል። «ብላ፣ ብላ፣ አጥንት ያቀናል» አሉኝ። ወሬው ግቢ ውስጥ ከኔ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

የተወሰድኩበት የአካል ድጋፍ ማዕከል ባለሙያዋ ሰብለ ትባላለች። የጀርባዬን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። አከርካሪዬ ከወንበራ ወደ ቆላ የሚወርደውን መንገድ ይመስላል፤ አንዴ ወደዚህ ይዞራል፣ አንዴ ወደዚያ። ሰብለ ነገሩን አልሸፈነችብኝም።

«እያደግሽ ስትሄጂ ይብሳል። አሁን ኮርሴት ይይዘዋል። ከዚህ ካለፈ ግን ኮርሴት አይበቃውም፤ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ነው። የሚያድነው ደግሞ ሲለበስ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንንም አያቃናም።»

አክስቴ ፊት ላይ ያየሁትን መንገር አልችልም። አዲስ አበባ፣ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ማን ያስታምማል፣ በምን ገንዘብ? ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፦ ወይ ኮርሴቱን እችለዋለሁ፣ አሶሳ ተቀምጬ እማራለሁ፤ ወይ አልችለውም፣ ወደ ቤቴ ተመልሼ እየተጣመምኩ አድጋለሁ።

በእርጥብ ጄሶ ጠቅልለው ለኩኝ። በሌላ ቀን ስንመለስ ኮርሴቱ ተሠርቶ ቆየን፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ የሚደርስ፣ ከኋላ ጠፍር ያለው። ሰብለ ብዙ ነገር ነገረችን፤ እንዴት እንደሚለበስ፣ እንዴት እንደሚታጠብ። «ከስሩ ምንም ቅባት እንዳትቀቢ» የሚለውን ደግሞ ሁለቴ አለችው። አክስቴ ለሁሉም አንገቷን ነቀነቀች። ከበሩ እንደወጣን ባጃጅ ውስጥ ሆና፣

«አይዞሽ፣ ማታ ቅቤ እቀባሻለሁ» አለችኝ።

«አትቀቢ አለች እኮ!»

«ቅባት አትቀቢ ነው ያለችው። በብልቃጥ የሚሸጠውን። ቅቤ ቅባት ነው እንዴ?»

እኔም እውነት መሰለኝ። ቤታችን ለቆዳ ለፀጉርም ቅቤ ነዋ! ለጋ ቅቤ ከባምባሲ ከሚመጣ ሰው አስገዝታ፣ ጎንና ጎኔን አሽታ፣ ኮርሴቱን አለበሰችኝ። አሳዝኛት ደግሞ ጠፍሩን አላላችው። «ትንፋሽ ይግባሽ እንጂ» አለች።

ወገኖቼ፣ የአሶሳ ፀሐይ፣ ቅቤና ፕላስቲክ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ? አውልቄ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ኮርሴት ጥዋት ላነሳ ስሄድ ጉንዳን ከምስማሩ ጀምሮ ሰልፍ ይዞ ይገባል ይወጣል። እማማ ሐዋ በር ላይ ቆመው አዩ።

«አበበች! እኔ ቤት የሰጠሁ ለሁለት ሰው ነው። ይሄ ሰንዱቅ ሦስተኛ ሰው ነው?» አሉ፤ ሰንዱቅ የሚሉት ሣጥን ማለታቸው ነው።

«እማማ ሐዋ፣ እሱ አይበላ፣ አይጠጣ!»

«ያለፈው ተከራይም አይበላም ብሎ ገባ፤ ጓዳዬን ጨረሰ። ይሄ ደግሞ ለጉንዳን አከራየ። ወላሂ፣ እኔ ሳልፈቅድ!»

ሳቅን። ግን ብዙም ሳይቆይ ሳቁ ጠፋ። ጎኔ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ተላጠ። ከሰልባጅ የገዛነው ካኔቴራ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። አክስቴ ስታየኝ «በቂ አልቀባንም ይሆናል» ብላ ጨመረችበት። በመጨረሻ መልበስ አቃተኝ። በሆዴ ተኝቼ ኮርሴቱን ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ እያየሁ የሰብለ ቃል ይመጣብኛል፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንንም አያቃናም።

አክስቴ ለአባቴ ደወለች። ድምፁ ለኔም ይሰማ ነበር።

«ካልቻለች ትምጣ» አለ። «ተጣመመችም ቀናችም ልጄ ናት።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ሲል ሻንጣዬን ይዤ የምሮጥ መሰለኝ፤ የደብረ ዘይት ብርድ፣ የእናቴ ድንች ወጥ፣ ሁሉም ጠራኝ። ግን ራጁም አለ። «አንዴ ብቻ ሰብለን ልያትና» አልኳት አክስቴን። «ከዚያ ትሄጂያለሽ በይኝ።»

ሰብለ ኮርሴቱን ከፌስታሉ አወጣችና ቆም አለች። አሸተተች።

«ቅቤ ነው እንዴ?»

አክስቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«አበበች፣ ቅባት አትቀቡ አላልኩም?»

«ቅቤ ነው እኮ፤ ለጋ ነው።»

ሰብለ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። እኔ ትቆጣለች ብዬ ነበር! ከዚያ ቁስሌን አየችና ሳቋን ተወች። «ቆዳዋ መጠንከር ነው ያለበት፣ አንቺ አለሰለስሽው» አለቻት። «የገበሬ እጅ በቅቤ ነው እንዴ የጠነከረው? የለሰለሰ ቆዳ ይላጣል።» ወደኔ ዞራ ደግሞ «ጠፍሩንስ ለምን አላላችሁት?» አለች።

«እንዲመቸኝ።»

«ሰፊ ጫማ አድርገሽ ታውቂያለሽ?»

«የወንድሜን።»

«ተረከዝሽን ምን አደረገሽ?»

«ላጠኝ።»

«ታዲያ! የሚልጥሽ መጥበቁ አይደለም፤ መንሸራተቱ ነው።»

እንደዚህ ነው ያስተማረችኝ፣ እናንተም ያዙልኝ። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አለመልበስ። ቅባትም ቅቤም የለም፤ ገላ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ከስር የሚለበሰው ካኔቴራ ጥጥ ሆኖ ልክክ የሚል መሆን አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ይተጣጠፍና እጥፋቱ ቆዳ ውስጥ ይቀበራል። ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ተገልብጦ ይለበሳል። ብረት ወይም መያዣ ቁልፍ ያለው የውስጥ ልብስ አይሆንም፤ ለስላሳና ተዘርግቶ የሚመለስ ይፈለጋል። ከዚያ በጀርባ ይተኛሉ፣ ካኔቴራውን ወደ ታች ይስባሉ፣ ጠፍሩን የሚያስር ሰው ወደ ጎን አዙሮ ያስርና ጠፍሩ ላይ እስከተደረገው ምልክት ድረስ ያጠብቃል። ቆሞ ማሰር የለም።

ቁስሌ ደረቀና ተመልሰን ሄድን። ሰብለ አስተኝታ አሰረችኝ። ጠበቅ፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ የሚያስጮህ ነገር ግን አጣሁ። ያዘኝ! ያለማቋረጥ ስሸከመው የኖርኩትን ጭነት አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ የተቀበለኝ ያህል ነበር። ስነሳ ቀሚሴ እናቴ እንደፈታችው በሁለቱም በኩል እኩል ወረደ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ጫፉን አየችና መቀነቷን ፈትታ ዓይኗን ጠረገችበት። «አቧራ ነው» አለች። ዝናብ ከጀመረ ቆይቷል፤ የምን አቧራ!

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሰዓቱን ጨመርን። ሳወልቀው የሚቀረው ቅላት ቶሎ ከጠፋ ጥሩ ነው ተብያለሁ፤ የጀርባዬን ደግሞ እኔ ስለማላየው እማማ ሐዋ ራሳቸውን መርማሪ አድርገው ሾሙ። «ዙር። ቀይ አለ... ቆይ... ሄደ። ኸላስ፣ አለቀ፣ ሂድ ሻይ ጠጣ!» ኮርሴቱ ሆዴን ስለሚጫን ገንፎም ቢሆን በአንዴ ጠግቤ አልበላም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። እማማ ሐዋ ይሄን አልወደዱትም፤ ለሳቸው ትንሽ የሚበላ ሰው የተጣላ ሰው ነው።

ለትምህርት ቤት የነዋሪነት ወረቀት ያስፈልግ ነበርና አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ፈታሿ ጀርባዬን ነካ ስታደርግ «ቋ!» አለ። እጇን ሰበሰበች።

«ምን ታጥቀሽ ነው?»

«ጀርባዬ ነው።»

«ጀርባ እንዲህ ይጮኻል?»

«ኮርሴት ነው። ጀርባዬ እንዳይጣመም።»

ባልደረባዋን ጠራች፤ እሷም «ቋ ቋ» አደረገችው። ሰልፉ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ልጄ፣ ይሄን የሚሠሩት ለኔም ይሠራሉ? ወገቤ ጨርሶኛል» አሉ። ከበር አልፌ ውስጥ ስገባ ጸሐፊው ቀና ሳይል፣

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከደብረ ዘይት።»

«አየር ኃይል ካለበት?»

«አይ፣ የወንበራው።»

«ሐይቁ ጋ ነው?»

«ሐይቅ የለንም። ድንች ነው ያለን።»

አሁን ቀና አለ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ቀጥ ብለሽ ነው የምትቀመጪው፣ ወታደር ነሽ እንዴ?» አለኝ። በሕይወቴ ሰው ቀጥ ብለሻል ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ፈገግ አልኩ። ወረቀቱን ማኅተም መታልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሰብለ ሌላ ራጅ አስነሳችኝ፤ ኮርሴቱን እንደለበስኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። መንገዱ አሁንም ይዞራል፤ ግን የረገበ ነው፣ መኪና ሳያናውጥ የሚሄድበት ዓይነት። «ይዞታል» አለች። «በዚሁ ቀጥይ። ተመዝገቢና ተማሪ።» እኔ መተንፈስ የረሳሁ ሰው ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ተነፈስኩ፣ ኮርሴቱም ከኔ ጋር ተነፈሰ።

«እስከ መቼ ነው የምለብሰው?»

«ማደግሽን እስክትጨርሺ።»

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። እልል አለች፣ ለጎረቤት ተናገረች፣ መልሳ እልል አለች። ከዚያ «እንግዲህ መቼ ነው የምትመጪው?» አለች።

«ለበዓል፣ መንገዱ ከተመቸ። ጠቅልዬ ለመምጣት ግን... ማደጌን ስጨርስ ነው እማዬ። ሰብለ በየጊዜው ልታየኝ ይገባል።»

 ከኋላዋ አባቴ ጉሮሮውን ሲያጠራ ይሰማኛል።

«ስትሄጂ ቁመትሽ ጆሮዬ ጋ ነበር» አለች እናቴ። «አሁን የት ደረስሽ?»

«እዚህ የምለካበት ሰው የለኝም። አክስቴ አጭር ናት፤ እማማ ሐዋ ደግሞ ረጅም ናቸው።»

«እሺ» አለች። «እኔ ሳላጥር ድረሺልኝ ብቻ።» ስቃ ነበር፤ ሳቋን ሳትጨርስ ኔትወርኩ ቆረጠብን።

ስልኩን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ የእናቴ ጆሮ አሁን የት ጋ እንደሚውል በእጄ አየር ላይ ለካሁ። ግንባሬ ጋ መሰለኝ። ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፤ መልሼ ከፍ አደረግኩት። እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።