ያሰረው እጅ

የባለቤቴ የአርባ ቀን ተዝካር ሁለት ቀን ሲቀረው የሰፈር ወንዶች ግቢያችን ውስጥ ዳስ ይጥሉ ነበር። እኔ ከመስኮቱ ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ሴቶቹ ቅመሺ ብለው ያቀረቡልኝ ሾርባ ፊቴ በርዷል። ከውጭ ሸንበቆ የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ስለቱ ሲገባ አጭር "ቋ" ይላል፤ ከዚያ እስከ ሸንበቆው ጫፍ ድረስ ደረቅ ድምፅ ይሮጣል። "ማን ተሰበረ?" ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ልጅ ሳለሁ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ይህ ድምፅ በየማለዳው ከጋሽ ሙሄ ደጃፍ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ሙሄ ወጌሻ ነበሩ። ጊዜው የጣሊያን ነው። ተራራውን በስተው መንገድ ሊያሳልፉ ከታች ከላይ ይቆፍራሉ። ድማሚቱ ሲፈነዳ የቤታችን ክዳን አቧራውን ያራግፍብናል፤ በጎቹ በርግገው አጥር ይጥሳሉ፤ ጉሙ ራሱ የተፈጨ ድንጋይ ይሸታል። በሬዎቻችን ከተወሰዱብን በኋላ አባቴም እንደ ሌሎቹ ገበሬዎች ዋሻው ውስጥ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ። ከዋሻው በየሳምንቱ በባና፣ በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ተይዞ፣ የሚወጣ ሰው አይጠፋም ነበር።

ጋሽ ሙሄ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። ወጌሻ ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚፈለገው፤ እሳቸው ግን ወሬውን ሰምተው፣ ሽማግሌነታቸው ሳይይዛቸው፣ ከቆላ ወጥተው እኛ ጎረቤት ጎጆ ተከራዩ። ቀጭንና አጭር ነበሩ፤ ነጭ ቆብ ያደርጋሉ፤ የሰፈሩ ሰው የሰጣቸው በርኖስ ረዝሞ ከኋላቸው መሬት ይጠርጋል። ብርዱ አልለቃቸው ብሎ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጡ ነበር።

"ጋሽ ሙሄ፣ ቆላው አልናፈቀዎትም?" ይሏቸዋል የሰፈሩ ሰዎች።

"ይናፍቃል እንጂ። አጥንት የሚሰበረው ግን እዚህ ነው።"

ማለዳ ከስግደታቸው እንደተነሱ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና ሸንበቆ ይሰነጥቃሉ። ስንጥሩን በጣሊያን ጠርሙስ ስባሪ ይፍቁታል፤ ጉንጫቸው ላይ አሽተው እሾህ እንዳይቀረው ይፈትኑታል። ከዚያ የጭኑን ለብቻ፣ የክንዱን ለብቻ፣ የልጅ የሆነውን ለብቻ አድርገው ግድግዳው ላይ ያቆሙታል። አሮጌ ነጠላ ቀዳደው በጋሎን ቆርቆሮ ይቀቅሉና አጥሩ ላይ ያሰጡታል። እጃቸው ሁልጊዜ የበግ ላት ይሸት ነበር። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ለሚያልፈው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ "ደህና ቀን ነው። ዛሬ አንድ ሰው እናቆማለን፣ ኢንሻአላህ።"

እናቴ ታሾፍባቸው ነበር። "ደግሞ ሳይወድቅ ይቆማል?"

"ከወደቀ በኋላማ ማንም ይሯሯጣል፣ እመት በላይነሽ። ሰው እየጮኸ ሸንበቆ ፍለጋ ወንዝ አይወረድም።"

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። እሳቸው ያሰሩትን ከእሳቸው በቀር ማንም አይፈታም። ምክንያት ነበራቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የልጇ ለቅሶ አላስችል ብሏት፣ ያሰሩትን ፈትታ እንደገና አላልታ አስራው፣ ክንዱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳያስምሉ አያስሩም፤ ክርስቲያኑን በታቦቱ፣ እስላሙን በአላህ።

አባቴን በባና ላይ አስተኝተው አራት ሰዎች አመጡት። ከዋሻው ጣራ የወረደ ድንጋይ የግራ ቅልጥሙን መትቶት ነበር። ቆዳው አልተቀደደም፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ሌላ ጉልበት ያወጣ ይመስላል። ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱት። ሲዳስሱ መንቀጥቀጣቸው ይቆማል።

"አያ ደምሴ፣ ያ ጥቁሩ በሬህ ማን ነበር ስሙ?"

"ጎሹ" አለ አባቴ ጥርሱን ነክሶ።

"ወደ ግራ ይስብ ነበር ይባላል። ትልምህ ሁሉ ጠማማ ነበር አሉ።"

"ማነው ያለው? ጎሹ እኮ ቀጥ ብሎ ነው የሚ..."

ያን ጊዜ ሳቡት። አጥንቱ ቋ ብሎ ቦታው ገባ። አባቴ ጮኸ፤ ከዚያ ላቡን እየጠረገ "አታለሉኝ" አለ።

"በሬህን ያማሁት እኔ አይደለሁም፤ ጎረቤቶችህ ናቸው።"

እናቴ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። በላት አሹት፤ ስንጥሩን ደርድረው በነጠላው ቁራጭ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። አባቴ "አርሳለሁ?" አላቸው። የሚያስጨንቀው ይኸው ብቻ ነበር፤ ጠማማ እግር ሞፈር ተከትሎ ትልም አያወጣም።

"ለሰኔ ትቆማለህ።"

"በሬ የለኝም እኮ።"

"እግሩን እኔ፣ በሬውን አላህ።"

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። "ይማሉልኝ።"

"ማርያምን አልነካውም" አለች እናቴ።

ለእኔም ሥራ ሰጡኝ። የአባቴን አውራ ጣት ጥፍር ተጭነው አሳዩኝ። ጥፍሩ ነጣ፤ ሲለቁት ወዲያው ቀላ። "አየሽ ጥሩዬ? ደም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጠዋት ማታ ተጫኚው። ከተመለሰ ተጫወቺ። አልመለስ ካለ ሩጪና ጥሪኝ፤ እኔ መጥቼ አላላዋለሁ።" ቤታቸው ከእኛ ቤት ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

በማግስቱ መጥተው አዩት፤ ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን ሊያላሉት ቀጠሩ። ያኔውኑ ከደብረ ሲና በኩል ጭኑ የተሰበረ ሠራተኛ አለ ተብለው ተጠሩ። ስንጥራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በርኖሳቸውን እየጎተቱ ቁልቁለቱን ወረዱ። "ነገ ከረፋዱ በፊት እዚህ ነኝ" አሉ።

በዚያው ቀን አርበኞች ከዋሻው ወዲያ ካሚዮን አቃጠሉ። ጣሊያኖች መተላለፊያውን ዘጉት። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ የይለፍ ወረቀት የሌለው ማንም አያልፍም ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥፍሩን ስጫነው ለመቅላት ቆየ። ማታ ደግሞ ይበልጥ ቆየ። ለእናቴ ነገርኳት። አጎቴን ላከችው፤ ከዋሻው አፍ ወታደሮች በሰደፍ መልሰውት መጣ። በአራተኛው ቀን ጥፍሩ ነጥቶ ቀረ። ለቅቄ እንደገና ተጫንኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ የሌላውንም ጣት ተጫንኩ። እግሩ አብጦ ነጠላው ሥጋው ውስጥ ገብቷል። አባቴ ሌት ተቀን ያቃስታል። እናቴ ቋጠሮው ላይ እጇን ታደርግና ትመልሰዋለች።

"ልፍታልህ ይሆን?"

"አትንኪው! ያሰረው ይምጣ። ጠማማ ልታደርጊኝ ነው?"

"ልጅቷ አልተመለሰም ትላለች እኮ።"

"ልጅ ምን ታውቃለች። አንቺስ በማርያም አልማልሽም?"

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ፊቱ ፈክቶ ነቃ። "ተወኝ" አለ። "ሕመሙ ጨርሶ ተወኝ።" እናቴ መሬት ሳመች። ገብስ ቆልታ ለጎረቤት አደለች። እኔ ግን ጣቶቹን አይቼ ነበር፤ እንደ ብረት ምጣድ ቂጥ ጠቁረዋል፤ ሲነኩ ይቀዘቅዛሉ። ስነግራት "ዝም በይ፣ አታሟርቺ" አለችኝ። ከቤት ወጥቼ ጉሙ ውስጥ ቆምኩና ወደ ቁልቁለቱ "ጋሽ ሙሄ!" ብዬ ተጣራሁ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

የመጡት በስድስተኛው ቀን ነው። በርኖሱ የለም፤ ቅንድባቸው ተፈንክቷል። ሁለት ጊዜ በገደሉ በኩል ሊወጡ ሞክረዋል። መጀመሪያ ጥይት መለሳቸው፤ ሁለተኛ ወታደሮች ይዘው ድንጋይ ሲያሸክሟቸው ሰነበቱ። ደጃፉ ላይ ሽታው ተቀበላቸው። ከዚያ ገብተው ቋጠሮውን ፈቱት፤ ነጠላው ከሥጋው ሲላቀቅ አባቴ ምንም አልተሰማውም። አንገቱን ቀና አድርጎ "እንዴት ነው? ቀጥ ብሏል?" አለ።

ጋሽ ሙሄ ቅልጥሙን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። "ቀጥ ብሏል፣ አያ ደምሴ" አሉ። እውነታቸውን ነበር። አጥንቱ ቀጥ ብሏል።

እግሩን የሚቆርጥ ሐኪም ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ጋሽ ሙሄ የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ፊት ተንበርክከው ካሚዮን ለመኑ። ካሚዮኑ የሲሚንቶ ነው ተባሉ። አባቴን በቃሬዛ ሊያወጡት ሰው ሲያሰባስቡ፣ ትኩሳቱ ወደ ላይ ወጣ። ጋሽ ሙሄ በመጡ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ ከሰዉ ጫፍ ተቀመጡ። ሰዉ ሲበተን ወደ እናቴ ቀረቡ። "የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እመት በላይነሽ። መሐላው የእኔ ነው።"

እናቴ ቀና ብላ አላየቻቸውም። "የእርስዎ እጅ እዚያ አልነበረም" አለች። "የእኔ ነበር።"

ሰባት ቀን ሸንበቆ ሳይሰነጠቅ ቀረ። በስምንተኛው ቀን ማለዳ ድምፁን ሰማሁ። ጠላኋቸው። አባቴ አፈር በለበሰ ገና በሳምንቱ እንዴት እንደገና ስንጥር ይደረድራሉ? በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ጉንጫቸው ላይ እያሹ ይፈትናሉ፤ እንባቸው ስንጥሩ ላይ ይወርዳል፤ በእጅጌያቸው ጠርገው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። "ደህና ቀን ነው" ማለቱን ግን ተዉት። ሰው ሰላም ሲላቸው "ቀኑን እናየዋለን" ይሉ ነበር።

ማስማሉንም ተዉ። አንድ ሰው ባሰሩ ቁጥር የቤቱን ሰው ሁሉ፣ ሚስቱንም ልጁንም፣ ይሰበስባሉ። የራሳቸውን ክንድ በስንጥር አስረው ይዘረጉላቸዋል። "እኔ የለሁም በሉ። ጣሊያን በልቶኛል በሉ። ጥፍሩ አልቀላም። ማን ነው የሚፈታ?" ፈርተው ሲያመነቱ ይቆጧቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪፈቱ አይለቋቸውም። አንድ ሽማግሌ "ሙያውን እንዲህ ለሁሉ ካደሉት ምን ሊበሉ ነው?" ቢላቸው፣ "ማሰሩን አይደለም ያስተማርኩት፤ መፍታቱን ነው" አሉት።

እኛም ቤት መጡ። እናቴ በሩን ዘጋችባቸው። በሳምንቱ ተመለሱ፤ ክንዳቸውን አስረው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ሱፍ ትፈትላለች፤ እሳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ይመሽና ይሄዳሉ። ስንት ጊዜ እንደመጡ አላስታውስም። አንድ ቀን እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሳች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቋጠሮውን ፈታችና ነጠላውን ጭናቸው ላይ ጣለችው። "ይኸው። አሁን ይሂዱልኝ።"

ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነርሷ ስትመጣ የጣቱን ጥፍር ትጫነው ነበር። እኔ ጥፍሩን ማየት ስለማልችል ፊቷን አያለሁ። በመጨረሻው ቀን ጣቷን አንስታ ብዙ ቆየች። የሚፈታ ነገር ካለ ልጠይቃት ፈለግኩ። ከብርድ ልብሱ ሥር የታሰረ ምንም አልነበረም። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሰዎች "አንቺ መቼም ተስፋ አትቆርጪም" ይሉኛል። ጠዋት ተነስቼ የቀኑን ሥራ የማሰናዳው ተስፋ ስላለኝ ይመስላቸዋል። እኔ ያንን ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነው፤ የሚያለቅስ ሰውም ያሰናዳል።

ጋሽ ሙሄን ለመጨረሻ ጊዜ ያየናቸው የጎረቤታችንን የእትዬ ወርቄን ልጅ ክንድ ባሰሩ ማግስት ነው። ወታደሮች ለመንገድ ሥራ ሰው ሲያፍሱ እሳቸውንም ከደጃፋቸው ወሰዷቸው። ዕድሜያቸውን ቢናገሩም የሚሰማ አልነበረም። ወደ ቆላው ነው አሉ፤ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ወርቄ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። "በላይነሽ፣ ጣቷ ጠቆረብኝ። መፍታቱን አስተምረውኛል፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።"

እናቴ ልጅቷን ተቀብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጥፍሯን ተጫነች፤ ጠበቀች። ከዚያ ቋጠሮውን ፈለገች፣ ሳበች፣ ነጠላውን ዙር በዙር አላላችው። ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ ደም ሲመለስ ነዘራትና አለቀሰች። ጣቶቿ ቀሉ። እትዬ ወርቄ የእናቴን ጉልበት ሳመች።

እነሱ ከሄዱ በኋላም እናቴ ከደጃፉ አልተነሳችም። የተረፈ የነጠላ ቁራጭ በእጇ ላይ ቀርቷል። በጣቷ ቋጠረችው፤ ፈታችው። እንደገና ቋጠረችው፤ ፈታችው።

"ለካ እንዲህ ቀላል ኖሯል" አለች።